የወረዳ ምክር ቤት ድጋፍ ለባህልና ለማኅበረሰብ ሥራ፦ ቆርቆሮው መጣ፣ አሠልጣኙ ቀረ

በሰሜን ሸዋ ገጠር የሚኖር አንድ እድር፣ የወጣቶች ማኅበር ወይም የሸማኔዎች ስብስብ ለጋራ ሥራው ገንዘብ ሲፈልግ የሚያንኳኳው በር ብዙ አይደለም። የውጭ ድርጅቶችና ኤምባሲዎች የሚሰጡት ድጋፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፕሮፖዛልና በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ስለሚጠይቅ ለአብዛኛው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። በእግር ተሂዶ የሚደረስበት፣ በአማርኛ የተጻፈ ማመልከቻ የሚቀበልና አመልካቹን በመልኩ የሚያውቅ ሰው የተቀመጠበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወረዳው ነው። የወረዳው ምክር ቤት በየዓመቱ ከሚያጸድቀው በጀት ውስጥ ጥቂቱ ለማኅበረሰብ ሥራዎች፣ ከዚያም ያነሰው ለባህል ይውላል። ሰው የሚበላበትን ቤትና የሚሳፈርበትን አውቶቡስ የሚገመግም ከሆነ፣ በግብሩ የሚተዳደረውን ይህን አገልግሎት የማይገመግምበት ምክንያት የለም ብዬ ስለማምን ይህን ጽፌያለሁ።

አገልግሎቱን የማውቀው በአንድ የመንዝ ደጋ ወረዳ የባናና የዝተት፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የሚሸመኑ ወፍራም ጨርቆች፣ ሥራ እንዳይቋረጥ ወጣቶችን ለማሠልጠን ከተሰባሰቡ ሰዎች ጋር ሆኜ ድጋፉን በመጠየቅ፣ በመቀበልና ሒሳቡን በማወራረድ ነው። ወረዳውን በስም አልጠራም፤ ከጎረቤት ወረዳዎች ካሉ ማኅበራት ጋር ስንጨዋወት የምንሰማው ነገር ከእኛው ጋር እጅግ የተመሳሰለ ስለሆነ የአንድን መሥሪያ ቤት ስም ማንሣት ጉዳዩን ያጠብበዋል እንጂ አያብራራውም። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ድጋፉ ለቤት ግንባታ ጥሩ፣ ለመድረክ ለጋስ፣ ለእጅ ሙያ ግን ደካማ ነው፤ ድክመቱም የሚመጣው ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ገንዘቡ ከሚለቀቅበት ወቅትና ከሚወራረድበት መንገድ ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ትችቱ ፍትሐዊ አይሆንም። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳዎች ከክልሉ በቀመር የተሰላ ጥቅል ድጎማ ይቀበላሉ፤ በዚያ ላይ ራሳቸው የሚሰበስቡትን የእርሻ ሥራ ግብር፣ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና ሌላውን ገቢ ይጨምራሉ። የወረዳው ምክር ቤት ይህንን ድምር ለመሥሪያ ቤቶች ይደለድላል። ከድምሩ አብዛኛውን የመምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የግብርና ባለሙያዎችና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ለሥራ ማስኬጃና ለካፒታል ሲከፋፈል ለአንድ የቀበሌ ማኅበር የሚደርሰው ጥቂት መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ከጠየቅነው ሲሦ ያህሉ ሲፈቀድልን ከመካከላችን ያጉረመረመ ቢኖርም እኔ አላጉረመረምኩም። የሕፃናት ክትባትና የባና ሽመና በአንድ ሣጥን ገንዘብ ላይ ሲሻሙ ክትባቱ መቅደም አለበት።

ደግ ጎኑን በቅድሚያ ላንሣ። ማመልከቻ ለማስገባት ክፍያ የለም፤ ደላላም የለም። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ፕሮፖዛላችንን አብሮን ተቀምጦ አስተካከለ፤ «ዓላማ» እና «ግብ» በሚሉት ዓምዶች ሥር አንድ ዓይነት ነገር ደጋግመን ጽፈን ስለነበር ለያይቶ አሳየን፤ የድርጊት መርሐ ግብሩንም በእጁ በሠንጠረዥ ሠራልን። በወረዳ ባለሙያ ላይ መሳለቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ይህ ሰው በቢሮው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ወረቀት የጨረሰ ማተሚያ ብቻ እያለው፣ ወደ ቀበሌዎች የሚወርድበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሳይኖረው፣ የሚሠራውን ሥራ አክብሮ የሚሠራ ነው። ወረዳው ከገንዘቡ ሌላ የሚሰጠው ነገርም ዋጋ አለው፤ ለሥልጠናው ያገለገለ ክፍል መልቀቅ፣ ለትምህርት ቤቱና ለቀበሌው የትብብር ደብዳቤ መጻፍ፣ ዕቃ ከከተማ ሲመጣ በመሥሪያ ቤት መኪና መጫን የመሳሰሉት በብር ቢተመኑ ከተፈቀደልን ገንዘብ ብዙም አያንሱም ነበር። አመልካቾች ብር ብቻ እየጠየቁ ይህንን መጠየቅ የሚረሱት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው እንምጣ። እኛ የጠየቅነው በአራት ነገር ተከፋፍሎ ነበር፤ ለበግ ጠጉር መግዣ፣ ለፈታዮች ክፍያ፣ ለሁለት አሠልጣኝ ሸማኔዎች አበልና ለሽመና ዕቃዎች ማሠሪያ። ባና ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ለማስረዳት፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም፣ ቀለም የማይገባ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነውን የበጉን መልክ እንደያዘ የሚቀር ልብስ ነው። ጠጉሩ ተሸልቶ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ድሩ ተደርቶ ይሸመናል፤ መፍተሉ የሴቶች፣ መሸመኑ የወንዶች ሆኖ ነው የኖረው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠፋው ዕቃው አይደለም። መወርወሪያም ሆነ ሌላው የሽመና ዕቃ ከእንጨት የሚጠረብ ነው፤ ዛሬ ቢሰበር ነገ ይሠራል። የሚጠፋው ወፍራሙንና ሸካራውን የመንዝ በግ ጠጉር ሳይበጥሱ እኩል አድርገው መፍተል የሚችሉት እጆች፣ ድሩ ሲላላና ሲጠብቅ በጣታቸው ነክተው የሚያውቁት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለዚህ በፕሮፖዛላችን ውስጥ ዋናው ወጪ የሰው ክፍያ ነበር።

የተፈቀደው ግን ለሥልጠናው በተሰጠን አሮጌ ክፍል ላይ የሚመታ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የማገር እንጨት ሆነ። ለአሠልጣኞች የጠየቅነው አበል «የሥራ ማስኬጃ ስለሆነ አይመለከተንም» ተብሎ ተሰረዘ፤ ለፈታዮች የጠየቅነው «የጉልበት ዋጋ የማኅበረሰቡ ተሳትፎ መሆን አለበት» ተብሎ ወደ እኛው ተመለሰ። ቆርቆሮው በሥርዓቱ መጣ፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ተሰጠን፣ ፈርመን ተረከብን። ጣሪያውም ተመታ፤ ዛሬም አያፈስም። በክፍሉ ውስጥ ሸማኔ ያለው ግን ማኅበሩ ከአባላቱ መዋጮ አሰባስቦ አሠልጣኞቹን መክፈል በቻለበት ወቅት ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ባለሥልጣን ግትርነት ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። ችግሩ ድጋፉ ከተቀረጸበት መንገድ ይጀምራል። ወረዳው ለማኅበረሰብ የሚሰጠው ድጋፍ ለረጅም ዘመን የተቀረጸው በትምህርት ቤት ክፍል፣ በጤና ኬላ፣ በገጠር መንገድና በድልድይ ልክ ነው፤ ሕዝቡ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ያመጣል፣ ወረዳው ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሲሚንቶ ያቀርባል። ይህ አሠራር ብዙ ትምህርት ቤት የሠራ፣ ሊናቅ የማይገባው ነው። የወረዳ ምክር ቤት አባልም በጉባኤ ተነሥቶ «ምን ተሠራ?» ሲል በጣት የሚጠቆም ነገር ይፈልጋል፤ ሪባን የሚቆረጥለት ቤት ይጠቆማል፣ ሦስት ወጣቶች ድር ማድራት ማወቃቸው አይጠቆምም። በሪፖርት ቅጹ ላይ «የተገነባ»፣ «የተጠገነ» እና «የተሠራጨ» የሚሉ ረድፎች አሉ፤ የተማረ ሰው የሚገባበት ረድፍ ቢኖርም በባህል ሥር ሳይሆን በትምህርት ሥር ነው።

የሚገርመው አገሪቱ በላይኛው ደረጃ ይህንን ጥያቄ ከመለሰችው መቆየቷ ነው። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የመስቀል በዓል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የስምምነቱ ፍሬ ነገር ቅርስ ማለት ሕንጻ ብቻ ሳይሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ዕውቀትና ክህሎትም መሆኑን መቀበሉ ሲሆን፣ የባህላዊ ዕደ ጥበብ ክህሎትንም በስም ጠቅሶ ይዟል። የዩኔስኮ መቀመጫ እስከሆነችው ፓሪስ ድረስ የደረሰው ይህ አሳብ ወደ ወረዳው የካፒታል በጀት ቅጽ ግን ገና አልወረደም።

ቀጥሎ ያለው ችግር ደረሰኝ ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ለበግ ጠጉርና ለፈትል መግዣ ጥቂት ገንዘብ ተፈቀደልንና የግዥ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ወጣት ሒሳብ ሠራተኛም አብሮ ነበር። መመሪያው ለማንኛውም ዕቃ እንደሚጠይቀው ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ ተባልን። የበግ ጠጉር የሚሸጠው ቅዳሜ ገበያ ላይ መሬት ተቀምጠው በጆንያ ባቀረቡ ሴቶች ነው፤ ማኅተም የላቸውም፣ የንግድ ፈቃድ የላቸውም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም የላቸውም፣ ዋጋውም ከጠዋቱና ከቀትሩ አንድ አይደለም። ወጣቱ ከአንዲት አዛውንት ፊት ቆሞ፣ ፈትሉን አገላብጦ አይቶ ካደነቀ በኋላ፣ በትሕትና «እማማ፣ ይህንን ስንገዛዎት ደረሰኝ ይቆርጡልናል?» አላቸው። እርሳቸውም እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «የኔ ልጅ፣ እኔ የምፈትለው ጠጉር ነው እንጂ ወረቀት አይደለም» ብለው መለሱለት። ሁላችንም ሳቅን፤ ግዥው ግን በዚያ ቀን አልተፈጸመም።

በመጨረሻ መፍትሔ የሆነው ነገር ለሌሎች ስለሚጠቅም ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የግዥ ኮሚቴው የሻጯን ስም፣ የቀበሌዋን ስም፣ የዕቃውን ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ የያዘ ቃለ ጉባኤ በገበያው ላይ ይጽፋል፤ ሻጯ ትፈርማለች ወይም የአውራ ጣቷን አሻራ ታኖራለች፤ ሦስቱ የኮሚቴ አባላትና ከቀበሌው የተወከለ ሰው ይፈርማሉ፤ ቀበሌው ማኅተም ያደርግበታል። ዋጋውን ለማረጋገጥ በፕሮፎርማ ምትክ በዚያው ቀን ከተለያዩ ሻጮች የተጠየቀ ዋጋ በሠንጠረዥ ይያያዛል። ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ይህንን ተቀብሎ አወራረደልን። ሆኖም አሠራሩ የጸደቀው ኃላፊው ቀና ሰው ስለነበሩ ነው፤ በጽሑፍ የወጣ፣ ማንም ቀጥሎ የሚመጣ ማኅበር እጠቀምበታለሁ ብሎ የሚጠቅሰው መመሪያ አላገኘንም። ኃላፊው ቢዛወሩ ነገሩ እንደገና ከፕሮፎርማ ይጀምራል። በሕግ ያልታሰረ ደግነት ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ግን የወቅቱ ነገር ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ምክር ቤቱ በጀቱን ሐምሌ ላይ ቢያጸድቅም ገንዘቡ በዚያው ወር አይገኝም፤ ለመሥሪያ ቤቶች ይደለደላል፣ ዕቅድ ይከለሳል፣ ከዚያም እንደ ገቢው ሁኔታ በየጊዜው ይለቀቃል። ወረዳው ራሱ የሚሰበስበው የገጠር ገቢ የሚገባው ገበሬው ምርቱን አንሥቶ ከወቃ በኋላ ስለሆነ፣ በዚህ ገቢ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ሁሉ ቢያንስ እስከ ጥር ድረስ ይጠብቃል። ደመወዝ አይዘገይምና የሚዘገየው እንደ እኛ ያለው ሥራ ነው። ጥር ላይ ገቢው ሲገባ የግዥ ሒደቱ ይጀመራል፤ እርሱ ሲያልቅ ግንቦት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ «ሰኔ ሳይዘጋ ተጠቀሙ፣ አለበለዚያ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል» የሚል ጥድፊያ ይመጣል።

በደጋው የሚኖር ሰው የሽመና ወቅት መቼ እንደሆነ ያውቃል። ገብሱና ባቄላው ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የበልግ እርሻ ሳይጀመር ያለው ጊዜ፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት፣ እጅ የሚፈታበትና ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። በየካቲትና በመጋቢት በልግ ካለ በሬው ይጠመዳል። በሰኔ ደግሞ ዝናቡ ገብቶ የመኸር እርሻው ሥራ ሰውን ሁሉ ወደ ማሳ ይወስደዋል፤ በዚያ ወር ወጣት ሰብስቦ ሽመና አስተምራለሁ ማለት አባቱን በሬ ጠማጅ ማሳጣት ነው። የወረዳው ገንዘብ የሚደርሰው በትክክል በዚያ ወር ነው። ስለዚህ በሰኔ የተገዛው ጠጉር ክረምቱን በጆንያ ተከምሮ ብል እንዳይበላው ሲገላበጥ ይከርማል፤ ሥልጠናው ታኅሣሥ ሲደርስ ደግሞ የአሠልጣኙ አበል የተያዘበት በጀት ዓመት ተዘግቷል።

ለዚህ ሰበብ የሚሆን ነገር የለም አልልም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በክልሉ ያለው የፀጥታ ችግር መንገድን፣ ገቢ አሰባሰብንና የስብሰባ መርሐ ግብርን ሁሉ አናግቷል፤ አንዳንድ ወቅት ባለሙያው ወደ ቀበሌ መውረድ፣ እኛም ወደ ወረዳው ከተማ መውጣት አልቻልንም። ይህ በወረዳው ጥፋት የሚቆጠር አይደለም። የሰኔው ጥድፊያ ግን ከዚህ ሁሉ በፊትም የነበረ፣ በየመሥሪያ ቤቱ «የሰኔ ግዥ» እየተባለ የሚቀለድበት ነገር ነው።

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይመስለኝም፤ በዚሁ በክልላችን በሌላ ዘርፍ ተሞክሯል። በገጠር ውኃ ሥራ፣ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተለያዩ ወረዳዎች የተሠራበት አሠራር አለ፤ ኋላ በማኅበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት የሚል ስም ይዞ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል። በዚህ አሠራር ወረዳው ማመልከቻውን መርምሮ ካጸደቀ በኋላ ገንዘቡን በመሥሪያ ቤቱ ካዝና አያቆየውም። በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው፣ በውኃ ኮሚቴው ስም በተከፈተ ሒሳብ ያስተላልፈዋል፤ ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶውን ይገዛል፣ ግንበኛውን ይቀጥራል፣ ሒሳቡን ለተጠቃሚው ሕዝብ በጉባኤ ያቀርባል፤ የወረዳው ባለሙያ የሚመጣው ለሥልጠና፣ ለጥራት ቁጥጥርና ለሒሳብ ማጣራት ነው። ምንጭ ለማጎልበትና ጉድጓድ ለመቆፈር የታመነ ሕዝብ፣ የበግ ጠጉር ገዝቶ ሸማኔ ለመክፈል የማይታመንበት ምክንያት አይታየኝም። ገንዘቡ በማኅበሩ ሒሳብ ከገባ ሰኔ 30 የማኅበሩ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ጠጉሩን በጥቅምት ገዝቶ አሠልጣኙን በታኅሣሥ መክፈል ይቻላል።

«ሕዝቡ ገንዘቡን ይበላዋል» የሚለው ሥጋት በየጊዜው ይነሣል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር፣ በአፈ ታሪኩ መሠረት ከአባቶቹ ከአስቦና ከጌራ ጀምሮ፣ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ፣ አጥፊውን ራሱ እየቀጣ ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆ ያቆየ ነው። ሥርዓቱ የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ እንጂ ሕዝቡ መጠበቅ ስላቃተው አልነበረም። በየእድሩም ቢሆን የመዋጮ መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥና ዳኛ አለ፤ የአምስት ብር ጉድለት በጉባኤ ፊት ያስጠይቃል። ይህን ያህል የመተማመን ሥርዓት በእጁ ያለ ሕዝብ የሚጎድለው የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና ቢሆን፣ እርሱን መስጠት ቆርቆሮ ከመግዛት ይረክሳል።

ስለ መድረኩ ባጭሩ ልናገር። በወረዳዎች የባህል በጀት ውስጥ ሳይቀነስ የሚቀረው የኪነት ቡድኑ ነው፤ ልብስ፣ የድምፅ ማጉያ፣ ለበዓልና ለእንግዳ መቀበያ የሚሆን አበል። ኪነት ቡድኑ አይጠላም፤ ብዙ ወጣት ድምፁን የሚያወጣበት ሌላ ቦታ የለውም። ሆኖም ባህል ማለት በአዳራሽ ለአሥር ደቂቃ የሚታይ ጭፈራ ብቻ እየሆነ ሲሄድ በአዳራሽ የማይታየው ሁሉ ከበጀት ይወጣል። በየለቅሶው ሙሾ የሚያወርዱት ሴቶች የሟቹን የትውልድ ሐረግ፣ ጠባይና ገድል በዚያች ሰዓት በግጥም ማሰናዳት የሚችሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ የእነርሱን ቃል ለመቅዳትና ለመጻፍ አንድ የድምፅ መቅጃና አንድ ታታሪ ጸሐፊ በቂ ነው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፎ ያስገባ ማኅበር ቢኖር ውጤቱን ለማየት እጓጓለሁ፤ ቆርቆሮ የሚመታበት ቦታ ስለሌለው ምን እንደሚፈቀድለት አላውቅም።

ማመልከት ለሚያስብ ሰው ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «እናንተ በሕግ ማን ናችሁ?» የሚለው ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ ስለሚያደርጋቸው እድር በዚያ አዋጅ ተመዝግቦ ድርጅት ነኝ ሊል አይችልም፤ በወረዳው የሚታወቀው በቀበሌውና ጉዳዩ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ነው። ይህ ለአንድ ጊዜ ግንባታ ይበቃዋል። ሸማኔዎችና ፈታዮች ግን የሚያመርቱና የሚሸጡ ስለሆኑ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሆኑ ይሻላቸዋል፤ የራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት፣ የባንክ ሒሳብና በስማቸው የታተመ ደረሰኝ ይኖራቸዋል፤ ከላይ የነገርኳችሁ የገበያ ላይ ቃለ ጉባኤም አባል ከሆኑት ፈታዮች ለሚገዛው ፈትል አያስፈልግም። በእኛ ማኅበር ይህ ክርክር ያስነሣው ሽማግሌዎቹ «ማኅበር ከሆንን ግብር ይመጣብናል» ብለው ስለፈሩ ነበር፤ የኅብረት ሥራ ባለሙያ ተጠርቶ ካስረዳ በኋላ ነው የተስማሙት። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ የሚኖሩ አመልካቾች ሌላ ዕድል አላቸው፤ ከተማ አስተዳደር የራሱ የማዘጋጃ ቤት ገቢ ስላለው በገጠር ምርት ወቅት ላይ ያን ያህል አይንጠለጠልም፤ ነገር ግን ተወዳዳሪውም ብዙ ነው፣ የሚያውቅህ ባለሙያ የማግኘት ዕድልህም ያንኑ ያህል ይቀንሳል።

እንግዲህ ድጋፉ ለማን ይበጃል ቢባል፣ የስብሰባ ቤቱ የሚያፈስበት እድር፣ አጥር የሚፈልግ የመቃብር ቦታ፣ መደርደሪያ የጎደለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ መጸዳጃ የሌለው የወጣቶች ማዕከል ያላንዳች ማመንታት ይጠይቅ፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን አዘጋጅቶ ከቀረበ የማግኘት ተስፋው ጥሩ ነው። ሙያ ለማስተማር፣ ቃል ለመሰብሰብ ወይም ጠጉርና ጥጥ ገዝቶ ለመሥራት የሚፈልግ ግን ጥያቄውን በሚዳሰስ ነገር ቢያጅበው ይሻለዋል። እኛ በሁለተኛው ማመልከቻችን የአሠልጣኞቹን ክፍያ «አበል» ማለት ትተን በባና ቁጥር አደረግነው፤ አሠልጣኙ ከሠልጣኞቹ ጋር ሠርቶ ለሚያስረክበው ለእያንዳንዱ ባና ይህን ያህል ይከፈለዋል ብለን ጻፍን። ባናው በሞዴል 19 ገቢ የሚሆን ንብረት ስለሆነ ክፍያው ሳይሰረዝ አለፈ፤ ተሠርተው የተረከቡት ባናዎችም ለጤና ጣቢያው ሕሙማን ተሰጡ። ይህ ሥርዓቱን ማታለል አይደለም፤ ሥርዓቱ በሚያነበው ፊደል መጻፍ ነው። ያም ቢሆን ሙሾ የሚሰበስበውን ሰው አይረዳውም።

በእኛ በኩል የቀበሌ የዕቅድ ውይይት የሚደረገው ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ በዚያ ውይይት ቃለ ጉባኤ ላይ ያልሰፈረ ሥራ በሐምሌው በጀት ውስጥ አይገኝም። ማመልከቻው በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለባህልና ቱሪዝም፣ አንዱ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ይግባ። ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደሚፈለግና ለምን በዚያ ወር እንደሆነ በመርሐ ግብሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ሳይጻፍ የቀረውን ማንም አይገምትላችሁም። የቀበሌውን ቃለ ጉባኤ ፎቶ ኮፒ አያይዙ፤ መዝገብ ቤት ስታስገቡም የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በራሳችሁ ቅጂ ላይ ሳታስጽፉ አትውጡ፤ በኋላ «ማመልከቻችሁ አልደረሰንም» ስትባሉ የምታሳዩት እርሱን ብቻ ነው።